ሰባት ቤት ስንቆጥር ሕመሙንም እንቁጠር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልማዱ ከእናትም ከአባትም ሲወረሱ ብቻ የሚከሰቱ የዘር በሽታዎችን ይቀንሳል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሱትን ግን አያስቀርም። ያለፈቃድ መወራጨትና የመርሳት ችግር የሚያመጣው የአንጎል በሽታ ሀንቲንግተን አንዱ ነው፤ ባልና ሚስቱ ተዛመዱም አልተዛመዱ፣ ከታመመው ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። «ታላቁን ስለያዘው ታናሹ ይተርፋል» ማለት ስሕተት ነው፤ ዕጣው ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወጣል።

የመርሳት፣ የመንቀጥቀጥ ወይም ያለፈቃድ የመወራጨት ችግር ያለበትን ሰው ይዞ ወደ ነርቭ ክሊኒካችን የመጣ ቤተሰብ «በዘር አለ?» ሲባል ቶሎ «የለም» ይላል። ጥያቄው «አያትዎ በመጨረሻ ራሳቸው ይጎርሱ ነበር? የቤታቸው መንገድ ይጠፋቸው ነበር?» ተብሎ ሲለወጥ ግን «እሳቸውማ ጃጅተው ነው»፣ «አክስታችን ዛር ነበረባት» የሚል መልስ ይመጣል። የምንፈልገው ታሪክ ያ ነው።

እባካችሁ ከቀጠሮ በፊት ጻፉት። ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ ወላጆች፣ አጎትና አክስት፣ አያቶች ይበቃሉ፤ ጤነኞቹም ይግቡ። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያው ምልክት ምን እንደነበር፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረ፣ ከዚያ ምን እንደተከተለ ይመዝገብ። ከሞቱበት ዕድሜ ይልቅ ሕመሙ የጀመረበት ይበልጥ ይጠቅማል። ከ65 ዓመት በኋላ የሚጀምር አልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ነገሮች ድምር ነው፤ የታመመ ወላጅ መኖሩ ስጋቱን ይጨምራል እንጂ ፍርድ አይደለም። በየትውልዱ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ የሚጀምር ከሆነ ግን በአንድ ጂን (የዘር መረጃ በሚይዝ ቅንጣት) የሚተላለፈውን ዓይነት እንጠረጥራለን፤ ይህ ከአልዛይመር ሕሙማን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዕድሜ ካልታወቀ «ደርግ ሲገባ መንቀጥቀጡ ጀምሯቸው ነበር? በ77ቱ ድርቅስ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

መዝገቡ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። አንድ ሰው በቤት ስሙና በክርስትና ስሙ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ይባላል፤ የጡት ልጅም በሥጋ እንደተወለደ ይገባል። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ በ25 ዓመቱ ጦር ሜዳ የወደቀው ዘመድ ነው፤ ምልክቱ ሳይደርስበት ስለሞተ ሰንሰለቱ የተቋረጠ ይመስላል፤ ልጆቹ ግን ወርሰው ሊሆን ይችላል።

የዘር ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የሚታከመውን መፈተሽ ግድ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ከወደቁ በኋላ በአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደም የመርሳት በሽታን ይመስላሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚመስል መንቀጥቀጥና መገተር ያመጣሉ።

የሀንቲንግተን የጂን ምርመራ በጂኑ ውስጥ የሚደጋገመውን ክፍል ይቆጥራል። 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው ይመጣል፤ ከ36 እስከ 39 ከሆነ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። ጤነኛ ሰው የምክር አገልግሎት ሳያገኝ አይመርመር፤ ምልክት የሌለው ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይመረመርም።

«ዘራቸው ላይ አለ» ተብሎ የልጆቻቸው ጋብቻ እንዳይፈርስ የሚፈሩ ቤተሰቦች ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ወረቀቱን ቤተሰቡ የሚያምነው አንድ ሰው ይያዘው፤ ከሐኪሙ በቀር ለማንም አይታይ። ወደ ቀጠሮው ስትመጡ ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ያዙ፤ የቤቱን ታሪክ የሚያውቁ አሮጊት አክስት ካሉም አብረው ይምጡ።

የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች
ከጎንደር