ሞተር ከመውረዱ በፊት ቤንዚኑ ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለቴ እመላለስበታለሁ። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ ቱርቦ ያላት የቤንዚን መኪና። ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት ጤነኛ ሞተር ላስወርድ ትንሽ ስለቀረኝ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሦስት ሰው ጭኜ ዳገቱን ጀመርኩ። ማርሽ ሳልቀንስ ነዳጅ ረገጥኩ። ከኮፈኑ ሥር፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምረው የሚያንቀጫቅጩ የሚመስል ድምፅ መጣ። እግሬን ሳነሳ ጠፋ። ስረግጥ ተመለሰ። በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። በስልክ የቀዳሁትን ድምፅ አሰማኋቸው። ዳገት ላይ ወጥቶ የሞከራት ሰው የለም። «ብሮንዚና ነው፣ ሞተሩ ይውረድ» አሉኝ፤ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ ብረት ተበልቷል ማለታቸው ነው። ዋጋውን ሰምቼ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጎረቤቴ ነው ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የወሰደኝ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ቤንዚን ከየት ቀዳህ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። የማደያው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቼ ነበር። ከሳልባትዮው፣ ከነዳጅ ጋኑ ማለት ነው፣ ጥቂት ቀድተው ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረጉ። ከጎኑ ከራሳቸው ቤንዚን ሌላ ጠብታ ጨመሩ። የሳቸው ደርቆ ዱካው ጠፋ። የኔ ቅባታም ክብ ጥሎ ቀረ። «ነጭ ጋዝ ገብቶበታል» አሉኝ።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ መቀጣጠል ያለበት ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ነው። ደካማ ቤንዚን ግን ሲጨመቅና ሲግል እሳቱ እስኪደርሰው አይታገስም። ጥግ ላይ የቀረው በራሱ ይፈነዳል። ኳኳታው ያ ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የሚለካው ይህንን ትዕግሥት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ኦክቴኑን ያወርደዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌላት መኪና በዚህ አየር ደካማ ቤንዚንም ብዙ አያስጮኻት ይሆናል። ቱርቦ ግን አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ከፍታው አያድናትም። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ፣ ሰው ጭኖ፣ ማርሽ ሳይቀንሱ ሐረጎን መውጣት ደግሞ የባሰው ነው።

የብሮንዚና ድምፅ ሌላ ነው። ደነዝ ያለ፣ ከበድ ያለ ነው፤ መኪናው ቆሞም ዙሩን ስትጨምሩ ይከተላችኋል። ጠዋት ሲነሳ ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከቫልቭ በኩል ነው። በዳገት ስትረግጡ መጥቶ እግር ሲነሳ የሚጠፋውን ግን በቅድሚያ ከቤንዚኑ ፈልጉት። ችላም አትበሉት። ዘመናዊ ሞተር ኳኳታውን የሚያዳምጥ ሴንሰር አለው፤ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገይና ራሱን ለማዳን ይሞክራል። ያኔ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ፒስተን ይበሳል።

የነዳጅ መሙያው መክደኛ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የኔ ኦክቴኑ 95 ይሁን ይላል፤ እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያላችሁ 87 የሚል ብታዩ አትደናገሩ። የኦክቴን አቆጣጠራቸው ስለሚለይ፣ ሌላው አገር በብዛት በሚጠቀምበት ስሌት 91 ወይም 92 ያህል ነው።

ሳልባትዮው ተራገፈ፣ ከማደያ ተሞላ። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ድምፁ የለም። የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄዬ። እኔ በምቀዳባቸው ማደያዎች ምርጫው «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» ነው። ኦክቴኑ ስንት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ አላየሁም። ቀጂዎቹንም ጠይቄ ነበር፤ አያውቁትም። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ያለንን ሞተር ማቆየት ግዴታችን ነው። ቁጥሩ በየመቅጃው ላይ ይለጠፍልን። የሚመለከታቸውን ጠይቃችሁ መልሳቸውን በዚሁ ገጽ ብታወጡልን የደሴና የኮምቦልቻ አሽከርካሪ ያመሰግናችኋል። የጋራዥ ባለሙያዎችንም እለምናለሁ፤ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ዳገት አውጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ