ስለ ዘር (ጂን) ምርመራው ጉዳይ

ውድ መስማት የተሳናችሁ የጅማ አባላት፣ ሰላም ናችሁ?

ባለፈው ሂርማታ ቡና ላይ የተነሳው ወሬ ብዙዎቻችሁን እንዳሳሰበ አይተናል። «መስማት የተሳናቸው ሁለት ሰዎች ከተጋቡ ልጃቸውም አይሰማም» የሚባለው ነገር። በደፈናው እንዲህ አይባልም። ሲለወጡ መስማት አለመቻልን የሚያስከትሉት ጂኖች (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የዘር መረጃዎች) ከ100 በላይ ናቸው። የባልና የሚስቱ ምክንያት የተለያየ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንዳቸው ከማጅራት ገትር የመጣ ከሆነ፣ ልጁ ሊሰማ ይችላል። እንዲያውም መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ሁለቱም ሳያውቁት ጂጄቢ2 የሚባለውን የተለወጠ ጂን ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ መስማት የተሳነው የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እናትየውን ብቻ መውቀስ፣ እርግማን ነው ማለት፣ በቃ ይቅር።

ጂኑን መመርመር የፈለገ ይመርመር። ማስገደድ ግን አይቻልም። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል (አዎ፣ የስልኩ ሰውዬ) በ1883 እ.ኤ.አ. የእኛን፣ መስማት የተሳነንን፣ እርስ በርስ መጋባት እንደ አደጋ ቆጥሮ ነበር። ናዚ ጀርመን በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ደግሞ በዘር መስማት የተሳናቸውን በግድ አምክናለች። ብንጠነቀቅ አይፈረድብንም።

ሌላው፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አክስት ወይም የጎረቤት ልጅ አታስተርጉሙ። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ አውርቶ አክስት «ደህና ነሽ ብሏል» ብላ ትጨርሰዋለች። ማታ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ጻፉልን።

ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኝ። ያገባችሁም ልታገቡ ያሰባችሁም ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ።