የሥዕሎቻችን ዋጋ ለምን ጨመረ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ዐውደ ርዕይ ከሥዕሎቹ ሥር የተለጠፈውን ዋጋ አይታችሁ «ምነው እንዲህ ሰቀላችሁት?» ያላችሁን ጥቂት አይደላችሁም። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ በር ላይ ቆመን በችኮላ ከምንመልስ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

እኛ ዘንድ የሚያሳዩት አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በቅርቡ የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። ስሙ ገና ያልታወቀ ሠዓሊ ሥራ የሚተመነው በሥዕሉ ስፋት ነው። ሠዓሊው «ይቺን ግን በጣም እወዳታለሁ» ብሎ ዋጋ እንድንጨምርለት ሲለምነን እሺ አንልም። ዛሬ የተሰቀለ ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ከወረደ ቀድሞ የገዛው ሰው ያዝናል፤ ሠዓሊውም ይጎዳል። ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ቢወጣ ነው የሚበጀው።

ታዲያ አሁን ምን ጨመረው? ቀለሙ። አክሪሊኩም የዘይት ቀለሙም ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ልጆቹ ግን መላ አላጡም። ከውጭ የሚመጣውን ሸራ ትተው አቡጀዲ ይወጥራሉ፤ ነጭ ቀለም ደጋግመው ይቀቡና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። አንድ ሥዕል ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩት ማዕዘኑ ላይ የታጠፈውን ጨርቅና የተመታውን ስቴፕል ታገኛላችሁ። እኛም ከመስቀላችን በፊት የምናየው እሱን ነው። በደንብ ያልተወጠረ አቡጀዲ ክረምት ሲገባ ይረግባልና እንመልሰዋለን። አቡጀዲ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፤ በደንብ ከተሠራ ከብዙው ርካሽ ሸራ ይሻላል።

የዋጋ ክርክርን በተመለከተ፦ ከሽያጩ 70 በመቶው የሠዓሊው ነው፤ 30 በመቶው ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለመክፈቻው ቀን ቡና ይውላል። ከ30ው ቀንሰን ኪራይ መክፈል አንችልም፤ ስለዚህ «ትንሽ ቀንሱልኝ» ሲባል የሚቆረጠው ከልጁ ድርሻ ነው። ይህን አናደርገውም። ስቱዲዮው ድረስ ብትሄዱም ዋጋው ያው ነው፤ ከሠዓሊዎቹ ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው።

የምንችለው ጊዜ መስጠት ነው። ሲሶውን ከከፈላችሁ ሥዕሉ ላይ ቀይ ነጥብ እንለጥፋለን፤ ለሌላ አይሸጥም። ቀሪውን በሦስት ወር ውስጥ ታጠናቅቃላችሁ። የሰፈራችን ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ውል አናስፈርምም።

ከውጭ አገር ለእረፍት የምትመጡ ደንበኞቻችንን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ሥዕል ከአገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መረጋገጥ ስላለበት፣ በበረራችሁ ዋዜማ ማታ መጥታችሁ አታስጨንቁን። ከፍሬሙ አውርደን የምንጠቀልለው ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዘይት ቀለም የተሠራ አዲስ ሥዕል ግን እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ ሳይደርቅ አንጠቀልለውም።

ቤት ስትሰቅሉት ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳ አርቁት። ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይም አትስቀሉት፤ የዕጣኑ ጭስ ነጩን ቀስ በቀስ ያጠይመዋል። አቧራ ሲይዘው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት።

አዲሱ ዋጋ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ለሚሰቀሉ ሥራዎች ነው። ቀይ ነጥብ የተለጠፈላችሁ በቀድሞው ዋጋ ትጨርሳላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈራችሁ ጋለሪ