«በድንገት» ስለሚለው ቃል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክልላችን ጤና ቢሮ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች በዕድሜና በጾታ ተለይተው እንዲቆጠሩ ስለመጠየቅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ በመሆኔ ይመስለኛል ጸሐፊነቱ እኔ ላይ የወደቀው። ሰው ሲሞት ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀኑን እጽፋለሁ፤ ገንዘቡን አስፈርሜ አስረክባለሁ። ከገጹ ግርጌ «የሞቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ጣጣው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ጋቢውን እንደዘቀዘቀ ከድንኳኑ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ልጁ 17 ዓመቷ ነበር። መዝገቡን አየት አደረገና «ጋሼ፣ በድንገት ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጻፍኩለት። ፍትሐት እንዳትከለከል፣ እናቷም ገበያ ስትወጣ ጣት እንዳይቀሰርባት ፈርቶ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። ግን የቆየውን መዝገብ ወደኋላ ስገልጥ፣ «በድንገት» ከተባለው ውስጥ ድንገተኛ ያልሆነው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ሰፈሩም ያውቃል። የማያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። በዓለም ደረጃ የሚሞቱት ወንዶች የሴቶቹን እጥፍ ያህላሉ፤ የሚሞክሩት ግን ሴቶች ይበዛሉ። የእኛ አገር ቁጥር ደግሞ በግምት የተሠላ እንጂ አንድ ባንድ የተቆጠረ አይደለም። ግምት ደግሞ ጎጃም ላይ የከፋው በጎረምሳው ነው በሽማግሌው፣ በሚስቲቱ ነው በባልየው፣ አይነግረንም።

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በሐምሌ 2008 መጨረሻ ተጀምሯል። ይሁንና እኛ ሰፈር የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ የሚሄደው ወይ ውርስ ያለበት ነው፣ ወይ ጡረታ የሚጠብቅ። የ17 ዓመት ልጅ ውርስ የላት፣ ጡረታ የላት። ማን ብሎ ያስመዘግባታል? ይህንን መዝገብ ይዞ «በወጣት ሴቶች ላይ ችግሩ አነስተኛ ነው» የሚል ሪፖርት ቢጻፍ እኔ አልገረምም።

ስለዚህ እድሮችን ተጠቀሙብን። ስም አይጻፍ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወረዳና ወር ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ ከጸሐፊው ትቀበል። ፖሊስ የሚፈራም ሞልቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋውን ወይም የረዳውን እንጂ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም፤ ይህንን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቆሞ የሚናገር አንድ ባለሙያ ላኩልን። ካህናቱንም አብራችሁ ጥሩ፤ ያለ እነሱ ማንም አፉን አይከፍትም።

ተቆጥሮስ ምን ሊፈይድ ለሚል፣ ስሪላንካን ይይ። ሟቾቻቸውን በየዓመቱ ስለሚቆጥሩ መንስኤውን ለዩ፤ አደገኛ የእርሻ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ ከገበያ አወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት ራስን ማጥፋት በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። የጸረ ተባይ ኬሚካል ከዘር እህል ጎን ጓዳ ውስጥ ለምናስቀምጥ ሰዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቁልፍ ያለው ሳጥን ማስቀመጡ እንኳ አንድ ነገር ነበር።

ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ጳጉሜ 5 ይውላል። እኛም በዚያው ሰሞን ሒሳብ ዘግተን ለአዲሱ ዓመት አዲስ መዝገብ እንገዛለን። የግርጌውን መስመር ምን ብዬ እንደማሠምረው ከእናንተ መልስ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የእድሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ