ስለ ቢያንኪ ሳይክሎች ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰሞኑን ያስገባናቸውን ያገለገሉ ቢያንኪ ሳይክሎች አይታችሁ "ምነው ዋጋቸው ከሌላው እንዲህ ተለየ?" እያላችሁ በቴሌግራምም በስልክም ስለጠየቃችሁን ለሁላችሁም እዚሁ እናስረዳ ብለን ነው።

ቢያንኪ የጣሊያን ካምፓኒ ነው። ኤዶአርዶ ቢያንኪ የሚባል፣ ያለ ወላጅ ያደገ ወጣት በፈረንጆቹ 1885 ሚላኖ ውስጥ ቪያ ኒሮኔ ቁጥር 7 ላይ በከፈታት ትንሽ ወርክሾፕ የጀመረ ሲሆን እስካሁን ሳይክል ከሚሰሩት ካምፓኒዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። በመሀል ሞተርና መኪናም ሰርቷል፣ ስሙን ያገነነው ግን ሳይክሉ ነው።

በተለይ ጣሊያናዊው የሳይክል ተወዳዳሪ ፋውስቶ ኮፒ! በ1949 በጣሊያን ዙር ከኩኔዮ ፒኔሮሎ ባለው መንገድ አምስት የአልፕስ ተራሮችን እያቋረጠ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ ተከታዩን ወደ 12 ደቂቃ ቀደመው፣ በዚያው ዓመት የጣሊያንንም የፈረንሳይንም ዙር አሸነፈ፣ በ1952 ደግሞ ደገመው፣ ሁሉንም በቢያንኪ። ያ ሰማያዊ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ቀለም ቼሌስቴ ይባላል፣ ከየት እንደመጣ የሚወራው ግን ብዙ ነው። የኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2021 ይወዳደርበት የነበረው ቡድን የሚነዳው ቢያንኪ ነበር፣ ይሄ እኛን በጣም ያኮራናል።

ወደ ሞዴሎቹ ስንመጣ ስፔሻሊሲማ አካሉ ከካርቦን የተሰራ፣ ክብደቱ ቀላል ሳይክል ነው ለዳገት፣ ኦልትሬ ነፋስ እንዲሰነጥቅ የተሰራ የፍጥነት ሳይክል ነው፣ ኢንፊኒቶ ለረጅም መንገድ ሲሆን ሲቪ የሚል የተጻፈበት ካርቦኑ ውስጥ ንዝረት የሚቀንስ ነገር አለው። ቪያ ኒሮኔ 7 የመጀመሪያዋን ወርክሾፕ አድራሻ የያዘው አሉሚኒየሙ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል፣ እውነቱን ለመናገር ለአዲስ አበባ አስፋልት ለብዙዎቻችሁ የምንመክረው እሱን ነው ምክንያቱም ካርቦን ከወደቀ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ታሪኩን አታውቁትም።

ቀለሙን ብቻ አይታችሁ የትም አትግዙ፣ ማንም ሊቀባው ይችላል። ከፔዳሉ መሀል በታች ያለውን ሲሪያል ቁጥር እዩ፣ ካቴናውንና ማርሹን አዙራችሁ ሞክሩ፣ ከሌላ ቦታም ልትገዙ ከሆነ አምጡልን በነፃ እናይላችኋለን። ቁመታችሁን ለክተን ሳይዙን ሳንነግራችሁም ክፍያ አንቀበልም።