የበረኞች አሰልጣኝ ልትሆኚ ስትነሺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎታል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። ኮሌጁ በሴቶች ቡድኑ ረዳትና የበረኞች አሰልጣኝ አድርጎ ሊቀጥርሽ እንደሆነ በስልክ ስትነግሪኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ እንኳን ደስ አለሽ ከማለት በቀር ምንም አላልኩሽም። የቀረውን በጽሑፍ ልበልሽ።

ቅዳሜ ዕለት ቡና ሊጠጡ የመጡ ዘመዶቻችን ወሬውን ሲሰሙ አንዷ "አራት ዓመት የተማረችው ኳስ ልታሰለጥን ነው?" አለች። ሌላው ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ዋና አሰልጣኝ እስክትሆን ነው እንጂ" አለ። የከነከነኝ የሁለተኛው ነው። ረዳትነት ሌላ ወንበር እስኪገኝ የሚቀመጡበት ቦታ ከመሰለሽ ልጆቹ ያውቁብሻል። ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢሠሩበትም አያንስም።

የኤሚ ግሪፈንን ታሪክ ያወራሽኝ አንቺው ነሽ። የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 ቻይና ውስጥ ሲካሄድ የአሜሪካ ቡድን በረኛ ሆና ሄዳ ነበር፤ ግቡን የጠበቀችው ግን ሜሪ ሃርቪ ናት። ከተጠባባቂ ወንበር ዋንጫ ያየችው ይህች ሴት ናት እንግዲህ፣ በኋላ ሲያትል በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በዋና አሰልጣኟ በሌስሊ ጋሊሞር ሥር ከሃያ ዓመት በላይ በረኞችን ያሠለጠነችው። በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን በረኛ የሆነችው ሆፕ ሶሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ጎል የምታጎርፍ አጥቂ ነበረች። ጉልበቱም ፍጥነቱም ነበራት፤ አቋቋሙን፣ ማዕዘን መዝጋቱን፣ ጨዋታውን ቀድሞ ማንበቡን በደንብ የተማረችው ግን ከግሪፈን ጋር ነው። ዓለም ሶሎን ያውቃል። ግሪፈን መታወቅ አልጎደለባትም፤ ሥራዋን ቀጠለች። መስማት የተሳናቸውን የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድንም አሠልጥናለች።

እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከግብሽ ጀርባ ቆሜ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለሽ፣ በአንድ ዝናባማ የኦክቶበር ምሽት፣ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ ከእጅሽ አምልጦ ገባ። ተመልካቹ ሲበተን የበረኞች አሰልጣኝሽ ኳስ ይዛ ወደዚያው ግብ መለሰችሽ። አጥሩ ጋ ጃንጥላ ይዤ ስለቆምኩ ሁሉንም አይቻለሁ። ስለ እጅሽ ምንም አላለችም፤ የምታሳይሽ እግርሽን ነበር። ኳሷ ስትነሳ ግራ እግርሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ስትዘይ ክብደትሽ ተረከዝሽ ላይ ነበር። በጫማዋ ጫፍ ጭቃው ላይ መስመር አሰመረችና "ከዚህ ተነሺ" አለችሽ። ጥቂት ጊዜ እያሻማች አስያዘችሽ፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ሄዳችሁ። የገባችውን ጎል አንስታ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ግቡ ለወንዱም ለሴቱም ያው 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ነው፤ ቁመት የማይደርስበትን የእግር አነሳስ እንደሚያደርስ ያን ማታ ገባኝ። እንዲህ ያለ ዓይን አንቺም አለሽ። ታናናሾችሽን ስታሟሙቂ አይቼሻለሁ።

ከሁሉ የሚከብድሽ ግን የማትሰለፈዋ ልጅ ነገር ነው። አጥቂ ብትሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀር ተቀይራ ትገባለች። በረኛ ግን ሦስት አራት ሆነው አብረው ሠልጥነው የምትገባው አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ጓንታቸውን አጥልቀው ይቀመጣሉ። አንደኛ ዓመት ላይ ተጠባባቂ ሆነሽ ማታ ማታ ትደውዪልኝ የነበረውን እኔ አልረሳሁትም። ማንም በግልጽ ስላልነገረሽ ነበር የምትጎጂው። ለልጆቹ ማን እንደምትሰለፍ ከጨዋታው ዕለት በፊት ንገሪያቸው፤ ምክንያቱንም ፊት ለፊት። ሦስተኛዋ በረኛ ለመጀመሪያዋ ኳስ ስትመታ የምትውል ከሆነ፣ ለእሷም የሚመታላት ሰው ይኑር፤ ያ ሰው አንቺ ሁኚ።

ጎል ያገባችው ስትታቀፍ በረኛዋ ብቻዋን ናት። ጁላይ 10 ቀን 1999 ሮዝ ቦውል ስታዲየም 90,185 ሰው በተሰበሰበበት የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የአሜሪካ በረኛ ብሪያና ስከሪ የቻይናዋን የሊዩ ዪንግን ፍጹም ቅጣት ምት አወጣች። ዓለምን የዞረው ፎቶ ግን የመጨረሻዋን ምት ያስቆጠረችው የብራንዲ ቻስቴይን ነው። ልጆችሽ ሲያድኑ ስማቸውን ጠርተሽ ጩኺላቸው፤ በተለይ ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ሲሮጥ።

ስከሪን ካነሳሁ አይቀር፣ በ2010 በጨዋታ ላይ የተጋጣሚ ጉልበት ጭንቅላቷን መትቷት ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልተመለሰችም፤ ለዓመታት በራስ ምታት ተሠቃይታለች። ሆስፒታል ስለምሠራ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲመጡ አያለሁ። "ደህና ነኝ" ይላሉ፤ ቀኑን ግን አያውቁትም። ዋና አሰልጣኙ ቢቆጣ፣ ዋንጫ ቢቀር፣ የዞረባትን ልጅ መልሰሽ እንዳታስገቢ። ጉልበትም እንደዚያው ነው፤ የሴቶች የጉልበት ጅማት ከወንዶቹ ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል፤ የአዘላለልና ዘሎ የማረፍ ልምምዱን "ዛሬ ሰዓት የለንም" ብለሽ አትዝለዪው። ግሪፈን ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ያለው የጎማ ፍርፋሪ በረኞቿ ቁስልና አፍ ውስጥ ሲገባ አይታ፣ በካንሰር የታመሙትን ስም መዝግባ ጠየቀች። የዋሽንግተን ስቴት ጤና ቢሮ በ2017 ባወጣው ጥናት በተጫዋቾቹ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ካንሰር አልታየም። ጥናቱን አከብራለሁ፤ መጠየቋን ደግሞ የበለጠ አከብራለሁ። በልጆቹ ገላ ላይ የሚሆነውን ከሁሉ ቀድማ የምታየው የበረኞች አሰልጣኝ ናትና።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እናውራ። እስከ 2023 ድረስ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በከፍተኛው ደረጃ፣ በዲቪዚዮን አንድ ቡድኖች ያለ ደመወዝ የሚሠራ "ቮለንቲየር" አሰልጣኝ ይፈቅድ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው የበረኞቹ አሰልጣኝ ነው። ያ ቀርቷል፤ ስለዚህ "ልምድ ታገኚበታለሽ" የሚልሽን አትስሚ። ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፤ በ1972 በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የሚከለክለው፣ ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ሳይወጣ ከሴቶች ቡድን አሰልጣኞች ከመቶ ዘጠና በላዩ ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ለልጃገረዶቹ ሜዳውን ከፈተላቸው፤ ከሥራው ጋር ደመወዝና ክብር ሲመጣ ግን ወንዶቹ ወንበሩን ያዙት፤ ዛሬ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ ደመወዝሽን ስትጠይቂ አትሽኮርመሚ። ይሉኝታሽን ለእኔና ለአባትሽ አቆዪልን።

የቀረውን ትሠሪዋለሽ፤ ቪዲዮ መቁረጡን፣ ኳስና ሰደርያ መቁጠሩን፣ ለምልመላ ከስቴት ስቴት መንከራተቱን። ጁን 15 የኮሌጅ አሰልጣኞች ለተጫዋቾች መደወል የሚፈቀድላቸው ቀን ነው ብለሽ ስልክሽን ታቅፈሽ ያደርሽውን አስታውሺና፣ የማትወስጃትን ልጅ ቶሎ ንገሪያት እንጂ በተስፋ አታቆዪያት።

አንድ ልመና አለኝ። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ፣ በ2024 ለዋሽንግተን ዲሲው የሴቶች ክለብ ለዲሲ ፓወር ልትጫወት እኛው ከተማ ስትመጣ የተሰማኝን ደስታ ታውቂዋለሽ። በየዓመቱ በጁላይ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ላይ፣ በረኛ መሆን የሚፈልጉትን የሐበሻ ልጃገረዶች ሰብስበሽ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብታሠለጥኚያቸው ምን ይመስልሻል? ጓንቱን እኔ እገዛለሁ። ከእናቶቹ ጋር የምነጋገረውም እኔ ነኝ።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦ ደመወዙ የአሥር ወር ነው የአሥራ ሁለት? የጤና መድኑ ከየትኛው ቀን ይጀምራል? የበረኞች አሰልጣኝነት ኮርሱን ማን ይከፍላል? የቡድኑን መኪና ሌሊት የሚነዳውስ ማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ይስጡሽ። የኦገስት የጨዋታ ፕሮግራም እንደወጣም ወዲያው ላኪልኝ፤ ፈረቃ የምንቀያየረው አንድ ወር አስቀድመን ነው፤ የመጀመሪያው ጨዋታሽ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

እመብርሃን ትጠብቅሽ።

እናትሽ