ስለጻፍካት ሪቪው

ልጄ ናቲ፣

ትናንት ማታ ላፕቶፕህን ከፍተህ ተኝተህ አገኘሁህ። ልዘጋው ስል የጻፍከውን ሪቪው አነበብኩት፤ ይቅር በለኝ። «ጌሙ ቆሻሻ ነው፣ የሠሩት ሌቦች ናቸው» ይላል። ከጎኑ ደግሞ የተጫወትክበት ጊዜ ተቀምጧል፦ 1.4 ሰዓት።

አጎትህ ያንን ጌም የሚገዛበትን የስቲም ካርድ ከአሜሪካ እስኪልክልህ ስንት ጊዜ እንደለመንከው አውቃለሁና በመናደድህ አልፈርድብህም። «ሌቦች» ያልካት ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ቡና ሳፈላ ያወራኸኝ የኖ ማንስ ስካይ ታሪክ ትዝ አለኝ። እንግሊዝ አገር፣ ጊልድፎርድ ከተማ ያሉ ጥቂት ልጆች የሠሩት፣ ፕላኔቱ ተቆጥሮ የማያልቀው ጌም። በ2016 የሚወጣበት ቀን በጥቂት ሳምንታት ስለተራዘመ ብቻ አለቃቸውን ሾን መሪን «እንገድልሃለን» ያሉት ነበሩ አልከኝ። ለአንድ ጌም! ሲወጣም የተባለለት ብዙ ነገር ጎደለው፤ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ፕላኔት ላይ እዚያው ቦታ ቆመው መተያየት አቃታቸው። እዚህ ላይ የተቆጣ ሰው እውነት አለው። ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው መሥራቱን ቀጠሉ። በ2018 ተጫዋቾች ተያይተው አብረው መጫወት ቻሉ፤ ጌሙን የገዛ ሰው ለአፕዴቱ ሌላ አልከፈለም። በ2019 ደግሞ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ቢሯቸው አካባቢ የምስጋና ቢልቦርድ አሰቀሉላቸው። ይህን ስትነግረኝ ስኒህ በእጅህ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

አንተ አታውቅም እንጂ አምና ለፋሲካ ቀሚስ ያሰፋች አንዲት ደንበኛ ሱቁ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ሌባ አለችኝ። እጅጌው ጠቧታል። «ጠበበኝ» ብትለኝ ተርትሬ በግማሽ ሰዓት አሰፋላት ነበር። ሌባ ስባል ግን መርፌዬን የት እንደሰካሁት እንኳን ጠፋኝ፤ የእሷን ቀሚስ ስነካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ ጌም ውስጥም ቁጭ ብሎ የሰፋ ሰው አለ ናቲዬ።

ሪቪው ተመልሶ እንደሚስተካከል ነግረኸኛል። ጌሙ የቱ ጋ ስትደርስ እንደሚቆምብህ፣ ኮምፒውተርህ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፍላቸው። መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው በል፣ እኔ አልከለክልህም። ቅዳሜ ሱቅ አልገባም፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ላፕቶፑን አልዘጋሁትም፣ ቻርጀሩን ሰክቼልሃለሁ።

እናትህ